ራሱን በ40 ፓውንድ የገዛው ሰው

ኢኮኖሚክስ ስማር ስለ ዋጋ ብዙ አንብቤያለሁ። የኦላውዳ ኢኩዊያኖ ሒሳብ ግን እስካሁን አልዋጥ ብሎኛል።

እሱ ራሱ እንደጻፈው፣ ዛሬ ናይጄሪያ በምንላት አገር፣ በኢግቦ ምድር ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ከእህቱ ጋር ታፍኖ ተሸጠ። ከጌታ ወደ ጌታ ሲተላለፍ ቆይቶ፣ በካሪቢያኗ ሞንትሰራት ደሴት ሮበርት ኪንግ የሚባል ነጋዴ ገዛው። በመርከብ እየሠራ በጎን መነገድ ጀመረ። መነሻ ካፒታሉ 3 ፔኒ ብቻ! አንድ ብርጭቆ ገዝቶ በእጥፍ ሸጠ። እንዲህ እንዲህ እያለ አጠራቀመና እ.ኤ.አ. በ1766 ለኪንግ 40 ፓውንድ ቆጥሮ ነጻ ወጣ። አስቡት፤ ዓመታት ሙሉ ጉልበቱን የተበላው እሱ፣ ከፋዩም እሱ!

በ1783፣ ከዞንግ መርከብ ከ130 በላይ አፍሪካውያን ባሕር ውስጥ መጣላቸውን፣ ባለመርከቦቹም የኢንሹራንስ ካሳ መጠየቃቸውን ሲሰማ፣ ወሬውን ለፀረ ባርነት ታጋዩ ግራንቪል ሻርፕ አደረሰ። በ1789 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። ገንዘቡን ቀድመው ከሚከፍሉ አንባቢዎች ሰበሰበ፤ የቅጂ መብቱን ለማንም አልሸጠም። መጽሐፉ እሱ በሕይወት እያለ ብቻ 9 ጊዜ ታተመ።

በ1797 ሞተ። ብሪታንያ የባሪያ ንግድን የከለከለችው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ያቺን ቀን አላያትም፤ በእንግሊዝና በአየርላንድ እየዞረ የሸጠው መጽሐፍ ግን እየተነበበ ነበር።