ጄኔራል ግራንትና ሲጋሩ

ባለፈው ዓርብ ኮበር ኮርኒሽ ላይ ቁጭ ብለን ስንጫወት የሺሻ ነገር ተነሣ። አንዷ እህታችን አጎቷ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጨስ ኖሮ በሰማንያ ዓመቱ ያለ ምንም በሽታ እንዳረፈ ነገረችን። እኔም መልስ አጥቼ ወደ ደማም ተመለስኩ። በኋላ ግን መልሱን ከአንድ ትልቅ ሰው ታሪክ አገኘሁት።

ዩሊሰስ ግራንት በ1822 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኦሃዮ ተወለደ። አባቱ ቆዳ ፋቂ ነበር፤ ልጁ ግን ወታደር ሆነ። በ1862 በእርስ በርሱ ጦርነት ፎርት ዶኔልሰን የሚባለውን ምሽግ ሲይዝ፣ ሲጋር ይዞ እንደነበር ጋዜጦች ጻፉ። ደስ ያለው ሕዝብም በሺህ የሚቆጠር ሲጋር ላከለት። ቀድሞ ፒፓ ያጨስ የነበረው ሰው ከዚያ ወዲያ ከሲጋር አልተለየም። ከ1869 እስከ 1877 ፕሬዚዳንት ሆነ። የሚገርመው በዚያው ዘመን በእኛ አገር አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን ከልክለው ነበር።

በ1884 ግራንት የንግድ ሸሪኩ አታልሎት ገንዘቡን ሁሉ አጣ። መታለል ምን እንደሆነ እኛም እናውቃለን። በዚያው በጋ ኮክ ሲበላ ጉሮሮውን አመመው። ይተወኛል ብሎ ወራት አሳለፈ። ጥቅምት ላይ ሐኪም ሲያየው ነገሩ ካንሰር ሆነ። ሚስቱ ጁሊያ ባዶ እጇን እንዳትቀር የሕይወት ታሪኩን መጻፍ ጀመረ። ድምፁ ሲጠፋ በወረቀት እየጻፈ ያወራ ነበር። መጽሐፉን በጨረሰ በቀናት ውስጥ ሐምሌ 23 ቀን 1885 እ.ኤ.አ. በ63 ዓመቱ ሞተ። መጽሐፉ ለጁሊያ 450,000 ዶላር ያህል አስገኘላት።

ታዲያ የአጎትየው ነገርስ? በግራንት ጊዜ ያልታወቀውን ዛሬ ሐኪሞች ደርሰውበታል። ሰውነታችን የጭሱን መርዝ የሚያጠራበት፣ የተጎዳውንም የሚጠግንበት ኃይል አለው። ይህን የሚያዘው ከእናት ከአባት የምንወርሰው ዘረ መል ነው። አንዳንዱ ሰው ከእነዚህ አንዱ ሲወለድም የለው፤ ወይም ደካማ ነው። በቅርብ ቤተሰቡ የአፍ ወይም የጉሮሮ ካንሰር የነበረበት ሰው አደጋው ወደ 1.7 እጥፍ እንደሚሆን ጥናት አሳይቷል። ትምባሆና መጠጥ ሲጨመርበት ደግሞ በጣም ይብሳል። እንግዲህ አጎትየው የተረፈው ጭሱ ደግ ሆኖ አይደለም። የእሱ ደም ደግሞ ለእኛ ዋስ አይሆነንም፤ የራሳችንን ማን አይቶት?

ሺሻውም ትምባሆ ነው፣ ውሃው መርዙን አያጥበውም። ከሰሉን የምናቀጣጥለው እኛ ነን፤ ማዳም ስትነሣ ከተረፈው ሳብ የምናደርግም አለን። እባካችሁ ይቅርብን።

ሌላው፣ ከሦስት ሳምንት በላይ የማይድን የአፍ ቁስል፣ የድምፅ መጎርነን፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም አንገት ላይ እብጠት ካያችሁ ሳትፈሩ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ በሉ። ግራንት ጄኔራል ሆኖ ወራት አባከነ። እኛ ግን ደመወዛችንን የሚጠብቁ እናቶች አሉን፣ ጤናችን ነው ሀብታችን።

ቸር ያገናኘን።