አበበ ቢቂላ፦ እግሩ ሲቆም ክንዱን ያሠራው ጀግና

ከጎተራ ወደ ሳሪስ በታክሲ ስንሄድ ረዳቱ ዮሴፍ ወራጅ እንዳለ ይጠይቃል። የንፋስ ስልክ ልጆች ስንት ጊዜ አልፈንበታል! እዚያ መካነ መቃብር ውስጥ ሻምበል አበበ ቢቂላ አርፏል። በባዶ እግሩ ሮምን ያሸነፈውን አበበ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ክንዱ ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ክቡር ዘበኛ ገብቶ በአሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ሥር ሠለጠነ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ 40 ቀን ገደማ ብቻ ቆይቶ ቶኪዮ ላይ ደገመው። እንደጨረሰ ሳሩ ላይ ሆኖ ስፖርት መሥራት ሲጀምር ስታዲየሙ ጉድ አለ።

ከዚያ መጋቢት 1961 ዓ.ም. መጣ። የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። ለሕክምና እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደና 8 ወር ገደማ ቆየ። ክንዱ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ እግሩ ግን አልተመለሰም። ያኔ ገና 36 ዓመቱ ነበር።

ሆስፒታሉ በስፖርት በማከም የታወቀ ነው፤ የፓራሊምፒክ መነሻም እሱ ነው። አበበም ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ ያዘ፤ በ1962 ዓ.ም. እዚያው ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ ተንሸራታች 25 ኪሎ ሜትር አሸነፈ። የሮጠበት እግር ዝም ቢልም ሰውየው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም።

እዚህ ጋ ለቤታችን የሚሆን ትምህርት አለ። ዕድሜ ሲገፋ የደም ስር እየደነደነ፣ ግፊትም እየጨመረ ይሄዳል። ጡንቻ ሲሠራ ግን ደም በፍጥነት ይፈስሳል፤ ያኔ የደም ስሩ ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫል፣ ስሩም ይላላል። ይህ ሲደጋገም ግፊቱ በመጠኑ ይቀንሳል። ለዚህም ነው የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞችም ጭምር፣ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ እንዲሠሩ የሚመክረው። ጂም መክፈል ግዴታ አይደለም፤ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ውኃ የሞላ ሃይላንድ ማንሳት ይበቃል። ሲያነሱ ትንፋሽ ማፈን ግን ግፊትን በአንዴ ያንራል። ግፊት ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር።

እውነቱን እንናገር፤ ስፖርት ሁሉንም አያስቀርም። አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ አረፈ። ምክንያቱ ከዚያ የመኪና አደጋ ጋር የተያያዘ ነበር። ዛሬ በየቤቱ ያለው የጭንቅላት ደም መፍሰስ ዋና መነሻ ግን የደም ግፊት ነው። እሱ ደግሞ ሳያመን፣ ምልክት ሳያሳይ ዓመታት ይቀመጣል። መለካት ግን የደቂቃ ሥራ ነው።

41 ዓመት ማለት የብዙዎቻችን አባትና እናት ዕድሜ ነው። አበበ ዊልቸር ላይ ሆኖ ከሠራ፣ እነሱ ከሶፋ ለመነሳት ምን ያግዳቸዋል? ዛሬ ማታ ይህን አሳዩአቸው፤ ነገ ደግሞ ጤና ጣቢያ ይዛችኋቸው ሂዱና ግፊታቸውን አስለኩ። በዮሴፍ ስታልፉም ሻምበልን አስቡት።