ሄርማን ሆለሪትና ደወሉ

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ሌሊቱን ሰርቨር ሲጠብቅ የሚያድር ዘመድ የሌለው ሐበሻ ጥቂት ነው። የእኔ አጎት አንዱ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች እየሠሩ መሆናቸውን፣ የትኛው እንደዘገየና የትኛው ሊሞላ እንደቀረበ ስክሪን ላይ እያየ ያነጋል። ነርሲንግ ስለምማር ሥራው የታማሚ ሞኒተር ከመከታተል ብዙም የራቀ አይመስለኝም። የዚህ ሥራ ቅድመ አያት የምለው ሰው ደግሞ የተቀበረው እዚሁ ጆርጅታውን ነው።

ሄርማን ሆለሪት የተወለደው ቡፋሎ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1860 ነው። (ልደቱ እንደ ጳጉሜ 6 በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው።) በ1879 ከኮሎምቢያ ተመርቆ ለ1880ው የሕዝብ ቆጠራ ለመሥራት ወደ ዋሽንግተን መጣ። ያ ቆጠራ በእጅ ስለተደመረ፣ ውጤቱን አጠናቅሮ ለመጨረስ ዓመታት ፈጀ። ቁጥሩን በማሽን የመደመርን ሐሳብ ያነሳለት ጆን ሾው ቢሊንግስ የሚባል የጦር ሠራዊት ሐኪም ነበር። ማሽኑ ቀድሞ የተሞከረውም የባልቲሞር ከተማን የሟቾች መዝገብ በመቁጠር ነው። ስለዚህ የኮምፒውተር ዘር ሲቆጠር አንድ እግሩ ጤና ቢሮ ውስጥ ነው። የአይቲ ተማሪ ጓደኞቼ ይህን ይመዝግቡልኝ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የተበሳ ካርድ አለ። ሠራተኛዋ ካርዱን አስገብታ እጀታውን ስትጫን መርፌዎች ይወርዳሉ። ቀዳዳ ያገኘ መርፌ አልፎ ከሥር ያለውን ሜርኩሪ ይነካል፤ ኤሌክትሪክ ያልፍና ቆጣሪው አንድ ይጨምራል። ከዚያ ደወል ይጮኻል። ካልጮኸ ካርዱ አልተነበበም ማለት ነው፤ ስህተቱ ከዓመት በኋላ ሳይሆን እዚያው ይታወቃል። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ደወል ነው። በ1890 ከ62 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የተቆጠረው በዚህ ማሽን ነው።

ግን የሚነገር ሌላ ታሪክም አለ። ሠራተኞቹ ሲደክማቸው ሜርኩሪውን በዓይን መድኃኒት ማንጠባጠቢያ መጥጠው ምራቅ መትፊያ ውስጥ ይጨምሩት ነበር አሉ። ማሽኑ ይቆማል፣ መካኒኩ እስኪመጣ እነሱ ያርፋሉ። የማሽኑን መቆም የሚናገር ደወል ነበር፤ የሰውን መድከም የሚናገር ግን አልነበረም። የሜርኩሪ ትነት ነርቭ እንደሚጎዳ የምናጠና ሰዎች ስናነበው ሳቁ ግማሽ ላይ ይቆማል። ዛሬም ዋርድ ውስጥ አላርም ከመብዛቱ የተነሳ ጆሮ ሲለምደው፣ ማን እየተለካ ማን እየተረሳ እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ሆለሪት ማሽኖቹን ያከራይ ነበር እንጂ አይሸጥም ነበር። በ1896 የራሱን ኩባንያ አቋቋመ፤ የኒው ዮርክ ሴንትራል ባቡር ድርጅትም የጭነት ሒሳቡን በእሱ ማሽን መቆጣጠር ጀመረ። እልኸኛ ሰው ነበር። ከቆጠራው ቢሮ ጋር በኪራይ ዋጋ ሲጣላ ቢሮው ፊቱን አዙሮ የራሱን ማሽን ማሠራት ያዘ። በ1911 ኩባንያው ከሌሎች ጋር ተዋሐደ፤ የተዋሐደው ድርጅት በ1924 አይቢኤም ተባለ። እሱ ግን በእርጅናው ቨርጂኒያ ውስጥ ላም ያረባ ነበር። በኖቬምበር 1929 በልብ ሕመም ሞተ።

መቃብሩ ኦክ ሂል ነው። ወርክሾፑ የነበረበት ሕንፃ ደግሞ 31ኛው ጎዳና ላይ፣ ከቦዩ አጠገብ ነው፤ ግድግዳው ላይ መታሰቢያ ጽሑፍ አለ። ጆርጅታውን ሜትሮ ስለሌለው ፎጊ ቦተም ወርዳችሁ በእግር ሂዱ።