ሶኒ ሊስተን፦ በሙሐመድ ዐሊ ታሪክ ውስጥ የተረሳው ሰው

የሙሐመድ ዐሊን ታሪክ ስናወራ ሶኒ ሊስተንን የምናነሳው እንደ ክፉ ተሸናፊ ብቻ ነው።

ሊስተን የተወለደው አሜሪካ፣ አርካንሳስ ውስጥ ከጥቁር ጢሰኛ ቤተሰብ ነው። የልደት ቀኑ እንኳ በውል አይታወቅም። ሳይማር አደገ፤ በዝርፊያ ተፈርዶበት ሚዙሪ ታሰረ፤ ቦክስንም የተማረው እዚያው እስር ቤት ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ፍሎይድ ፓተርሰንን በ2 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ዘርሮ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ሰው ግን ፈራው እንጂ አልወደደውም።

በ1964 ማያሚ ላይ ለሰባተኛው ዙር ከመቀመጫው ሳይነሳ ቀርቶ ክብሩን ለወጣቱ ካሲየስ ክሌይ፣ ለኋላው ሙሐመድ ዐሊ፣ አስረከበ። በዓመቱ ሲገናኙ በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። ሆን ብሎ ነው የወደቀው የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። በ1971 መጀመሪያ ላስ ቬጋስ፣ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

ጥፋቱን አንሸፍንም። ነገር ግን ከ54 ግጥሚያዎቹ 50ውን ያሸነፈን ሰው በሁለት ምሽት ሽንፈትና ባልተጣራ ወሬ ብቻ መመዘን ፍትሕ አይደለም። ዲናችን ለምንጠላው ሰው እንኳ ፍትሐዊ እንድንሆን፣ ወሬንም እንድናጣራ ያዘናል። ዐሊን መውደዳችን ሊስተንን ለመበደል ፈቃድ አይሆነንም።