ለመሬት ሽያጭ የተዘረጋ ሐዲድ፦ ሄንሪ ሀንቲንግተን እና የሎስ አንጀለስ የኤሌክትሪክ ባቡሮች

በሎስ አንጀለስና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች መካከል ይመላለስ የነበረው የፓስፊክ ኤሌክትሪክ ባቡር ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ከፍጻሜው ተነሥቶ ነው። የግል መኪና አሸነፈው፣ አለዚያም የአውቶቡስና የነዳጅ ኩባንያዎች አሲረው አጠፉት ይባላል። የመሥራቹ የሄንሪ ኤድዋርድስ ሀንቲንግተን ሕይወት በቅርብ ሲታይ ግን ጥያቄው ወደ መነሻው ይመለሳል። ሐዲዱ ሲዘረጋ ዋናው ትርፍ የታሰበው ከተሳፋሪው ቲኬት ሳይሆን ከመሬት ሽያጭ ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሀንቲንግተን ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1850 በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው በኦኒዮንታ ተወለደ። አጎቱ ኮሊስ ሀንቲንግተን የአሜሪካን ምሥራቅና ምዕራብ ካገናኘው የባቡር መንገድ የምዕራቡን ክፍል ካስገነቡት አራት ባለሀብቶች አንዱ ነበር። ሄንሪ በወጣትነቱ በብረታ ብረት መደብር ሠርቷል፤ በዌስት ቨርጂኒያም ለሐዲድ የሚነጠፍ እንጨት የሚያዘጋጅ መሰንጠቂያ አስተዳድሯል። በ1892 አጎቱ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ጠርቶ በሰዘርን ፓስፊክ ኩባንያ አመራር ውስጥ አስገባው። በዚያ ከተረከባቸው ሥራዎች አንዱ የከተማይቱ የጎዳና ባቡር ነበር።

በ1900 ኮሊስ ሲሞት የሀብቱ ሲሶ ያህል ለሄንሪ ደረሰው፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንትነት ግን አልተሰጠውም። ስለዚህ በተከታዩ ዓመት አክሲዮኑን ለኤድዋርድ ሃሪማን ሸጦ ፊቱን ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ አዞረ። በሎስ አንጀለስ እንግዳ አልነበረም። የከተማውን የጎዳና ባቡር ከሸሪኮቹ ጋር በ1898 ገዝቶ ነበር። በ1901 መጨረሻ ደግሞ ከባንክ ባለሀብቱ ከአይዛያስ ሄልማን ጋር ፓስፊክ ኤሌክትሪክን አቋቋመ።

ሁለቱ መረቦች የተለያዩ ነበሩ። ቢጫ ቀለም የተቀቡት የከተማው ባቡሮች በ1,067 ሚሊሜትር ጠባብ ሐዲድ፣ ቀዮቹ የፓስፊክ ኤሌክትሪክ ባቡሮች ደግሞ በ1,435 ሚሊሜትር ሐዲድ ይሄዱ ነበር። ሁለቱ በሚጋሩት ጎዳና ላይ፣ ለምሳሌ በሜይን ስትሪት፣ ሦስተኛ ሐዲድ ተጨምሮ ጎን ለጎን ያስተናግዳቸው ነበር። ልዩነቱ ግን ከሐዲድ ስፋት ያለፈ ነው። ቢጫዎቹ ቀድሞ የሰፈረውን ሕዝብ ያጓጉዛሉ፤ ቀዮቹ ሕዝብ ገና ወዳልሰፈረበት ይሄዳሉ።

የሀንቲንግተን አሠራር ሦስት እግሮች ነበሩት። ባቡሩ አንዱ ነው። ሁለተኛው በ1902 የተቋቋመው የመሬት ልማት ኩባንያው ሲሆን፣ የእርሻ መሬት እየገዛ፣ በቦታ እየሸነሸነ ለቤት ሠሪዎች ይሸጥ ነበር። ሦስተኛው በዚያው ዓመት ከዊልያም ከርኮፍ ጋር የመሠረተው የመብራትና ኃይል ኩባንያ ነው፤ ባቡሩን ያንቀሳቅሳል፣ ለአዲሶቹ ቤቶችም መብራት ይሸጣል። ይኸው ኩባንያ በ1913 ከቢግ ክሪክ ተራሮች በ150,000 ቮልት ኃይል 390 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ ወደ ሎስ አንጀለስ አምጥቷል፤ ለዘመኑ እጅግ ደፋር ሥራ ነበር። ሐዲዱ ባዶውን መሬት ከከተማው መሀል ጋር ባገናኘው ጊዜ የመሬቱ ዋጋ ይወጣል፤ ጭማሪውን የሚሰበስበው ደግሞ የሐዲዱ ባለቤት ራሱ ነው። በዚህ ስሌት የባቡሩ ኪሳራ እንደ ማስታወቂያ ወጪ ሊቆጠር ይችል ነበር።

የመጀመሪያው መስመር ጁላይ 4 ቀን 1902 ለሎንግ ቢች ተከፈተ። በ1900 ቆጠራ 2,252 ነዋሪዎች የነበሯት ይህች የባሕር ዳር ከተማ በ1910 17,809 ደረሰች። ዕድገቱ ሁሉ የባቡሩ ውጤት ነው ማለት አይቻልም፤ ሎስ አንጀለስ ራሷም በዚያው አሥር ዓመት ከ102,479 ወደ 319,198 አድጋለች። ሆኖም ሰው የት ይስፈር የሚለውን በብዙ የወሰነው መስመሩ ነበር። ሀንቲንግተን ቢች ዛሬም በስሙ ትጠራለች።

ይህን ሁሉ በጉልበታቸው ያነጠፉት በአብዛኛው የሜክሲኮ ተወላጆች ናቸው። በ1903 የጸደይ ወራት ማኅበር መሥርተው የሰዓት ክፍያቸው ከ17.5 ሳንቲም ወደ 20 ከፍ እንዲል ጠየቁ። የኩባንያው ኃላፊዎች በመጀመሪያ ተስማሙ፤ ሀንቲንግተን ግን ስምምነቱን ሻረው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ ቢያቆሙም በሌሎች ተተኩ። የሠራተኛ ማኅበርን አጥብቆ የሚቃወመው ይህ ሰው ለመሬቱ ገዢዎች ያሳየውን ቸርነት ለሐዲዱ አንጣፊዎች አላሳየም።

ሃሪማን በበኩሉ በ1903 ወደ ሎስ አንጀለስ ገበያ ገብቶ የፓስፊክ ኤሌክትሪክን አክሲዮን ግማሽ ያህል ያዘ። ሀንቲንግተን በ1910 የቀረውን ድርሻውን ለሰዘርን ፓስፊክ ለቀቀ፤ በሕዝብ ብዛት ምክንያት ከቲኬት ያተርፍ የነበረውን የከተማውን ባቡር ግን አልሸጠም። የምርጫው ትርጉም ግልጽ ነው። ቀዩ ባቡር መሬቱን ካስገኘና ዋጋውን ካስወጣ በኋላ ለእሱ የነበረው ጥቅም አልቋል። በ1911 ስምንት ኩባንያዎች ተዋሕደው አዲሱ ፓስፊክ ኤሌክትሪክ ሲመሠረት ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ያለው መረብ የሌላ ሰው ሸክም ሆነ።

የቀረው ዕድሜው የመጽሐፍና የሥዕል ሆነ። በ1911 በጉተንበርግ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ በ50,000 ዶላር ገዛ። በ1913 የአጎቱን መበለት አራቤላን አገባ፤ በ1919ም በሳን ማሪኖ ያለውን ንብረቱን ለቤተ መጻሕፍት በአደራ ሰጠ። ሜይ 23 ቀን 1927 በፊላደልፊያ አረፈ።

መረቡ ከእሱ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆየ። መኪና የያዘ ሰው ከሐዲዱ ርቆ ቤት መሥራት ቻለ፤ ባቡሩም በጎዳናው መጨናነቅ ውስጥ ዘገየ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተሳፋሪው ቢያንሰራራም ለዘለቄታው አልሆነም። በ1945 የሀንቲንግተን ወራሾች የከተማውን ባቡር ለናሽናል ሲቲ ላይንስ ሸጡ። በ1949 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያላቸው ኩባንያዎች ጉዳይም ይህንኑ ገዢ ለሚመለከት የአቅርቦት ሽያጭ እንጂ ለፓስፊክ ኤሌክትሪክ አልነበረም። የመጨረሻው የሎንግ ቢች ቀይ ባቡር ኤፕሪል 9 ቀን 1961፣ የከተማው የመጨረሻ ባቡሮች ማርች 31 ቀን 1963 ቆሙ። በ1990 የተከፈተው የሎንግ ቢች ቀላል ባቡር አብዛኛውን መንገድ የሚጓዘው በዚያው በ1902ቱ መስመር ላይ ሲሆን፣ ግንባታው የተከፈለው ከመሬት ሽያጭ ሳይሆን ነዋሪው በድምፁ ካጸደቀው የሽያጭ ታክስ ነው።