ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበ፦ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ፕሬዚዳንትና ያልጸደቀው የጭሰኞች ሕግ

አዳማ ናዝሬት በሚል ስም የየረርና ከረዩ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ በዙሪያዋ ጤፍና ስንዴ ከሚያመርተው ገበሬ ብዙው ጭሰኛ ነበር። ያረሰውን፣ ያረመውንና ያጨደውን እህል አውድማ ላይ ከባለርስቱ ጋር ይካፈላል። በሚቀጥለው ክረምት እዚያው መሬት ላይ ስለመቆየቱ የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ግን በእጁ አልነበረም። ይህን ሊለውጥ የሚችል የሕግ ረቂቅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አራት ኪሎ ወደሚገኘው ፓርላማ ቀርቦ ነበር፤ ሳይጸድቅ ዘመኑ አለፈ። በእነዚያ ዓመታት የፓርላማውን ላይኛ ክፍል፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤትን፣ በፕሬዚዳንትነት የመሩት ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበ ነበሩ።

አቢይ አበበ ከመኳንንት ወገን ተወልደው በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የሠለጠኑ መኮንን ናቸው። አገሪቱ ከፋሺስት ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ልጅ ልዕልት ፀሐይን አገቡ። ልዕልቲቱ በእንግሊዝ አገር የነርስነት ትምህርት የተከታተሉ ነበሩ። ባለቤታቸው የወለጋ ገዥ በመሆናቸው አብረው ወደ ነቀምቴ ወረዱ፤ ነገር ግን ትዳራቸው ዓመት እንኳን ሳይሞላው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ በወሊድ ምክንያት በዚያው አረፉ። በአዲስ አበባ በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል የመታሰቢያቸው ምልክት ሆኗል።

ከዚህ ኀዘን በኋላ አቢይ አበበ የተሰጣቸው ኃላፊነት እየሰፋ ሄደ። የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በፈረንሳይ የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው አገለገሉ፤ ከዚያም በኤርትራ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ተሾሙ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር፣ ከብራዚል ጉብኝታቸው አቋርጠው የተመለሱት ንጉሠ ነገሥት መጀመሪያ ያረፉት እርሳቸው በሚገኙባት አሥመራ ነበር። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈርሶ ኤርትራ ከአገሪቱ ጠቅላይ ግዛቶች አንዷ ስትሆንም በዚያው ሥልጣን ላይ ነበሩ። ይህ ውሳኔ ለሦስት ዐሥርተ ዓመታት ከቆየው ጦርነት መነሻዎች አንዱ በመሆኑ የስማቸው ታሪክ ከእርሱ ጋር ተያይዞ ይነሣል።

ከኤርትራ እንደተመለሱ ወደ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ወንበር መጡ። ከዚያ እስከ 1966 ዓ.ም. የቆየው የዐሥር ዓመት ያህል አገልግሎታቸው የሕይወታቸው ረጅሙ የሹመት ዘመን ነው።

ምክር ቤቱ ምን ዓይነት እንደነበረ ማወቅ የኋላውን ለመረዳት ይጠቅማል። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት ፓርላማው ሁለት ክፍል ነበረው። የታችኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሲሆን አባላቱን ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ በየአራት ዓመቱ ሕዝቡ ይመርጥ ነበር። ሆኖም የፖለቲካ ፓርቲ አልተፈቀደም፤ ለመወዳደርም በምርጫ ክልሉ ውስጥ ንብረት ያለው መሆን ግዴታ ነበር። ስለዚህ ጭሰኛው ድምፅ መስጠት ይችል እንጂ የራሱን ሰው ወደ ወንበሩ ማድረስ ይቸግረው ነበር። የላይኛው ክፍል አባላት ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ። ቁጥራቸው ከሕዝብ ተመራጮቹ ግማሽ አይበልጥም፤ የአገልግሎት ዘመናቸውም ስድስት ዓመት ነበር። በአብዛኛው ከመሳፍንቱ፣ ከመኳንንቱ፣ ከቀድሞ ሚኒስትሮች፣ ከጠቅላይ ግዛት ገዥዎችና ከጦር አለቆች የተውጣጡ ነበሩ። አንድ ረቂቅ ሕግ የሚሆነው ሁለቱ ምክር ቤቶች ተስማምተውበት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሲያጸድቁትና በነጋሪት ጋዜጣ ሲወጣ ብቻ ነበር።

ፕሬዚዳንቱ ስብሰባውን ይመራሉ፤ የምክር ቤቱን ሥርዓት ያስጠብቃሉ፤ በምክር ቤቱና በዙፋኑ መካከል መልእክት ያደርሳሉ። ሆኖም በፊታቸው የሚቀመጡት አባላት ብዙዎቹ ባለ ብዙ ጋሻ መሬት ጌቶች ነበሩ። የመሬት ነገር በተነሣ ቁጥር ሕግ አውጪው ስለ ራሱ ጎተራ ይወስን ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ በግልጽ የታየው በ1960 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር ወር ፓርላማው የአስራት ግብርን የሚያስቀርና በቦታው በምርቱ ገቢ ላይ የተመሠረተ የግብርና ገቢ ግብር የሚያቆም ዐዋጅ አጸደቀ። ሐሳቡ ብዙ የሚያገኝ ብዙ እንዲከፍል ነበር። ይሁን እንጂ በጎጃም ገበሬው ግብሩን የርስቱን መብት የሚነካ አድርጎ በመቁጠሩ ዐመፅ ተነሣ፤ መንግሥትም የጦር ኃይል ካዘመተ በኋላ ወደ ኋላ ለመመለስ ተገደደ። ሹሞቹ ከዚህ የወሰዱት ትምህርት መሬትን መንካት እሳት መንካት እንደሆነ ነበር።

ያን ጊዜ ሌላው ረቂቅ፣ የጭሰኛንና የባለርስትን ግንኙነት የሚወስነው፣ በዝግጅት ላይ ነበር። ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ እያሉ በአዲስ አበባ አደባባይ ከወጡ በኋላ መንግሥት በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስቴር አቋቁሞ ነበር። የሚኒስቴሩ ባለሙያዎች ያረቀቁት ሕግ ርስትን ከባለርስቱ የሚነጥቅ አልነበረም። የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ባለርስቱ የሚወስደው ድርሻ ወሰን እንዲኖረው፣ ጭሰኛው በቂ ምክንያት ሳይኖር እንዳይነቀልና ለደከመበት ማሻሻያ ካሣ እንዲያገኝ የሚጠይቅ ልከኛ ረቂቅ ነበር። ይህም ሆኖ በፓርላማው ውስጥ ዓመት ከዓመት ሲንከባለል ቆየ።

ረቂቁ በወረቀት ላይ ሲዘገይ በመስኩ ላይ ያለው ኑሮ አልጠበቀውም። ከአዳማ በስተደቡብ ባለው የወንጂ ሜዳ ቀድሞ ከብት ያረባና ያርስ የነበረው ነዋሪ ቦታውን ለሸንኮራ አገዳ ለቅቆ ነበር፤ የሆላንዱ ኩባንያ ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። የቆቃ ግድብ ከተሠራ በኋላ በአዋሽ ሸለቆ የመስኖ እርሻ ሲስፋፋ የከረዩ አርብቶ አደር የበጋ ግጦሹ ጠበበ። በአርሲ ጭላሎ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የልማት ድርጅት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲያቀርብ ምርት ጨመረ። ትርፉን ያዩ ባለርስቶች ግን መሬታቸውን በትራክተር ራሳቸው ማረስ ጀመሩ። በአርሲም ሆነ በሻሸመኔ አካባቢ ለዘመናት በአንድ ቦታ የኖሩ ቤተሰቦች በሬያቸውን ነድተው፣ እቃቸውን ተሸክመው ተነሡ። የጽሑፍ ውልና የካሣ ድንጋጌ በጊዜው ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ ቢያንስ የሚከራከሩበት ነገር ይኖራቸው ነበር።

ለዚህ መዘግየት አንድን ሰው ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ፍትሐዊ አይሆንም። በታችኛው ምክር ቤትም ባለርስቶች ነበሩ፤ ሚኒስትሮቹም ዙፋኑም ረቂቁን በቁርጠኝነት አልገፉትም። ሆኖም ጄኔራሉ የመሩት ምክር ቤት የሥርዓቱ ትልልቅ ሰዎች የተሰበሰቡበት ነበርና፣ መኳንንቱ ከጥቅማቸው ጥቂቱን ትተው ቀሪውን ለማዳን የሚመክሩበት ሥፍራ ቢኖር ያ ምክር ቤት ነበር።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሲወርድ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን አዲሱን መንግሥት አቋቋሙ፤ ሌተና ጄኔራል አቢይም ከምክር ቤቱ ወንበር ተነሥተው የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። መንግሥቱ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል ጉባኤ ሰየመ፤ የመሬት ጥያቄም እንደገና ተነሣ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ደርግ በክረምቱ ባለሥልጣናቱን በየተራ ማሰር ጀመረ፤ ጄኔራሉም ከታሰሩት መካከል ነበሩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ፓርላማውም ተዘጋ። ኅዳር 14 ቀን ሌሊት ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበ፣ ከልጅ እንዳልካቸውና ከአክሊሉ ሀብተ ወልድ ጋር፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ከተገደሉት ስድሳ ሰዎች አንዱ ሆኑ። ከደርግ ውድቀት በኋላ የሟቾቹ ዐፅም ከተጣለበት ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐርፏል።

ከዚያ ሌሊት መቶ ቀን ያህል ቆይቶ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት መሆኑ ታወጀ። ጭሰኝነት በአንድ ቀን ቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው መሬትም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ፓርላማው በዓመታት ውስጥ ጥቂቱን ያልሰጠው ለውጥ ያለ ክርክር ሙሉ በሙሉ መጣ፤ በስምጥ ሸለቆ ከተሞችም በደስታ ተቀበሉት። ይሁን እንጂ ያው ሕዝብ የሚወከልበት ምክር ቤት ሳይኖር የታወጀው ሥርዓት በኋላ የእህል ኮታንና የመንደር ምሥረታን ሲያመጣ ገበሬው አቤት የሚልበት ቦታ አላገኘም።

ዛሬ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሁለተኛው ምክር ቤት ሥራም ሌላ ነው። ነገር ግን በአዳማ ዙሪያ መሬቱን የሚያከራይ ወይም የሚከራይ ገበሬ ውሉን እንዲያስመዘግብ ሕጉ ያዛል። አርሶ አደሩን በጽሑፍ ውል የመጠበቅ ሐሳብ በሌተና ጄኔራል አቢይ ዘመን በፓርላማው ጠረጴዛ ላይ ነበር። በወቅቱ ጸድቆ ቢሆን ጭሰኛውን ከመነቀል፣ ምናልባትም ሕግ አውጪዎቹን ራሳቸውን ከዚያ ሌሊት ያተርፍ ነበር።