ሉዊ ሸቭሮሌ፤ ስሙን ሸጦ እጁን ያስቀረ ሰው

በጅማ፥ በአጋሮና በሊሙ ጋራዦች አካባቢ ያደገ ሰው፥ ከተገለበጠ መኪና የወጣ ሞተር በሌላ አሮጌ መኪና ላይ ሲገጠም ቢያይ አይደንቀውም። ቡናው ገበያ መድረስ አለበት፤ አዲስ መኪና ግን ውድ ነው። ይሁን እንጂ ይህን የሚሠራውን ሰው፥ እጁ በግራሶ ስለ ጠቆረ ብቻ፥ ዝቅ አድርጎ የሚያይ ተማሪ አይጠፋም። ስለዚህ ስሙን ሁሉ የሚያውቀውን፥ ሕይወቱን ግን ጥቂቶች የሚያውቁትን የአንድ መካኒክ ታሪክ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሉዊ ሸቭሮሌ በ1878 በገና ዕለት በስዊስ አገር ከአንድ ሰዓት ሠሪ ቤት ተወለደ። በልጅነቱ ቤተ ሰቡ ወደ ፈረንሳይ ስለ ተሻገረ፥ ብስክሌት መጠገንን በዚያ ተማረ። በ1900 ካናዳ ገባ፤ ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ወርዶ በመኪና ሥራ ተቀጠረ። ብዙ ሳይቆይ በእሽቅድምድም ስሙ ገነነ፤ የቢውክ ኩባንያም ተወዳዳሪው አደረገው።

በ1911 ዊልያም ዱራንት ከተባለ ነጋዴ ጋር በዲትሮይት ኩባንያ አቋቋሙ፤ ስሙም በመካኒኩ ስም ተጠራ። እኛ ሸቭሮሌት የምንለው እርሱ ነው። የመጀመሪያው መኪና ባለ 6 ሲሊንደር ሲሆን ዋጋው 2,150 ዶላር ነበረ። ነጋዴው ግን ብዙ ሕዝብ የሚገዛው ርካሽ መኪና ፈለገ። ሳይስማሙ ቀሩና ሸቭሮሌ ድርሻውን ሸጦ ወጣ፤ ስሙ ግን ለኩባንያው ቀረ።

ከዚህ በኋላ ከወንድሞቹ ጋር ፍሮንትናክ የተባለ ድርጅት አቆመ። በ1920 ታናሽ ወንድሙ ጋስቶን፥ ሉዊ በሠራው መኪና የኢንዲያናፖሊስን የ500 ማይል ውድድር አሸነፈ፤ በዚያው ዓመትም በሌላ ውድድር ላይ ሞተ። ሉዊ ሥራውን አልተወም። የፎርድ ሞዴል ቲ 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ የነበረው የብዙኃኑ መኪና ነበረ። ሸቭሮሌ ለዚህ ሞተር ቫልቮቹ ከላይ የሆኑ አዲስ ቴስታታ ሠርቶ ሸጠ፤ ሞተሩ በደንብ ስለ ተነፈሰ ጉልበቱ ጨመረ። በ1923 እንዲህ የታደሰ ፎርድ በኢንዲያናፖሊስ 5ኛ ወጣ።

ገንዘብ ግን አልበረከተለትም። በ1930ዎቹ ስሙ በበሩ ላይ በተጻፈበት ኩባንያ ፋብሪካ ተራ መካኒክ ሆኖ ሠራ። ጣሊያን ጅማን በለቀቀበት ወር፥ በጁን 1941፥ ዐረፈ።

ኩባንያው በ1965 አዲስ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር አወጣ፤ አሜሪካኖች ትልቁ ብሎክ ከሚሉት ወገን ነው። ኋላም ወደ 7.4 ሊትርና ከዚያ በላይ አደገ። ይህን ሞተር ከተጣለ የጭነት መኪና አውጥተው በ1960ዎቹ የቤት መኪና ላይ የሚገጥሙ በዚያ አገር ብዙ ናቸው። ሞተሩ ከባድ ነውና የፊቱን ሞላ ማጠንከር፥ ማረፊያውን መለወጥ፥ ካምቢዮውንና ራዲያተሩን ማመጣጠን ያስፈልጋል። የአጋሮም መካኒክ የሚያውቀው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ለደስታ፥ እዚህ ለእንጀራ መሆኑ ነው።

ነገ ስማችንን በቢሮ በር ላይ የምናስጽፍ ብዙዎች ነን። ስም ይሸጣል፥ ይሻራልም፤ እጅ የተማረው ግን ከባለቤቱ አይለይም። በመጪው ዕረፍት ወደ ጅማ የምንወርድ ሁሉ በጋራዡ በር ስናልፍ ገባ ብለን ባለሙያውን ሰላም እንበል፤ ሥራውንም እንጠይቀው።